ጀልባ መግጨት የተፈቀደላት ልጅ

ፓዱካ፣ ኬንታኪ
ኖቬምበር 10 ቀን 1991

ውድ ልጄ ዊላ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ፣ ምግቡስ፣ ሰዉስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከነሙሉ ጤናዬ አለሁ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር በዪኝ። ወረቀት ፊት ስቀመጥ የማውቀው ሁሉ ከጭንቅላቴ ይጠፋል፤ ስነሳ ይመለሳል። እናትሽ ብትኖር ኖሮ ሦስት ገጽ በአንድ ትንፋሽ ትጽፍልሽ ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ወንዝ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ታውቂኛለሽ።

አዎ፣ ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ያን ጥቁር ካባ ለብሰሽ ሳይሽ የመዘምራን ልብስ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ገልብጬ ከጀርባው «ራት ልበላ ስል» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከምግቡ በፊት በላቲን የሚጸልይ ሰው መኖሩ ግን ጥሩ ነው። ባይገባሽም አሜን በዪ። ስለ ሳሩ ደግሞ አትሳቀቂ። የግቢውን ሳር መርገጥ የሚፈቀደው ለመምህራን ብቻ መሆኑን አንቺ ከየት ታውቂያለሽ? እኛ አገር ሳር ይረገጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ቁመትሽ አጭር፣ ድምፅሽ ትልቅ ስለሆነ የኮሌጁ ሴት ቀዛፊዎች ጀልባቸው ላይ መሪ ያዥ አደረጉኝ ማለትሽ አኩርቶኛል። የወንዝ ሰው ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል። የሚቀጥለው መስመር ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። ክሊተስ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነበርና አነበብኩለት። «ከፊታችን ያለውን ጀልባ ከገጨነው አሸነፍን ማለት ነው» ይላል።

«እንደገና አንብብልኝ» አለ ክሊተስ።

አነበብኩለት።

«ሰክራ ነው እንዴ የጻፈችው?»

«ልጄ አትጠጣም» አልኩት።

«እንግዲያው የሚጠጡት እንግሊዞቹ ናቸው» አለና ቡናውን ጨለጠ። እሱ ዕድሜ ልኩን እኔ በምነዳው ጀልባ ላይ ገመድ ሲያስር የኖረ ሰው ነው፤ አትፍረጂበት።

ልጄ፣ አንድ ነገር ተሳስተሽ ጽፈሽ ከሆነ አርሚና ላኪልኝ። በዕረፍት ወራት ከጎኔ፣ መሪ ክፍሉ ውስጥ፣ ከፍ ባለችው ወንበር ላይ አስቀምጬሽ ከፊቴ የድንጋይ ከሰል የተጫነባቸውን ጀልባዎች ስገፋ ምን እንደምልሽ ታስታውሻለሽ። ድልድዩን አትንኪ። ዳርቻውን አትንኪ። ሰው አትንኪ። የኔ ሙያ ይኸው ብቻ ነው።

ጌታ ይጠብቅሽ።
አባትሽ ቨርነን ትሪብል


ሴንት ኦሲት ኮሌጅ፣ ካምብሪጅ
ጃንዋሪ 19 ቀን 1992

ውድ አባዬ፣

ለገና ስላልደወልኩ ይቅርታ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ስልክ ፊት ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ያለችው ልጅ እያለቀሰች ስለነበር አስቀደምኳት። ከዚያ አፈርኩና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ሹራቡ ልክ ነው። አሁንም ለብሼዋለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ያለ ሹራብ መጻፍ አይቻልም።

አልተሳሳትኩም አባዬ። እውነት ይጋጫሉ። ወንዙ ጠባብ ነው፣ ጎን ለጎን መሽቀዳደም አይቻልም። ስለዚህ የየኮሌጁ ጀልባ ተከታትሎ ይሰለፋል፣ መድፍ ይተኮሳል፣ ሁሉም ከፊቱ ያለውን ያባርራል፣ ከኋላው ያለው እሱን ያባርረዋል። የተነካው ጀልባ መሪ ያዥ እጇን ታነሳለች፣ ሁለቱም ጀልባዎች ዳር ይይዛሉ፣ በማግስቱ የነካው የተነካውን ቦታ ይወርሳል። አራት ቀን ነው። አራቱንም ቀን የገጨ ጀልባ በኮሌጁ ባንዲራ ታጅቦ ይገባል። የጀልባው አፍንጫ ላይ የጎማ ኳስ አለ፤ ለክሊተስ ንገርልኝ።

ስለ ቀኔ ጠይቀሃል። ሳይነጋ ተነስቼ በብስክሌት ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። ስምንት እንቅልፋም ሴቶች ላይ እጮሃለሁ። ከዚያ ወደ መስታወት ቤቱ ሄጄ ለጥናቴ የዘራኋቸውን ገብሶቼን አያለሁ። ዋግ የመታውን ቅጠል ካልመታው እለያለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ አጠጣለሁ። ምሳ ዳቦ ላይ የተደፋ ባቄላ ነው፤ አትዘንልኝ፣ ለምጄዋለሁ። ዶክተር አሽኮም የሚባሉት አማካሪዬ በየሳምንቱ ሥራዬን ያነቡና «በጣም ደስ የሚል ነው» ይሉኛል። ሁለት ወር ሙሉ ደስ ብሏቸዋል ብዬ አምኜ ነበር። ለካ እዚህ አገር «ደስ የሚል ነው» ማለት «ተሳስተሻል» ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ከኦክቶበር ጀምሮ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ስሙን አላውቅም። ስሜን አያውቅም።

አልከፋኝም አባዬ። እንዲሁ ነው የምነግርህ።

የመጀመሪያው ውድድር ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ጸልይልኝ።

ልጅህ ዊላ


ፓዱካ
ማርች 8 ቀን 1992

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ረቡዕ ደረሰኝ። ወዲያው ያልመለስኩት ጨክኜብሽ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ።

በመጀመሪያ፣ ያለቀስሽበት ወረቀት ላይ ቀለሙ ተጨማልቆ ስለነበር በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልንገርሽ። ከፊታችሁ ያለው ጀልባ ላይ ለመድረስ ክንድ ሲቀራችሁ እጅሽ ራሱ የመሪውን ገመድ ስቦ አዞረው። ዘወር አልሽላቸው። ያኔ ከኋላ ያለው ደርሶ ገጫችሁ። በማግስቱም ይኸው ሆነ። ሴቶቹ ለዚህ ቀን ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ሲቀዝፉ ከርመው በአንቺ እጅ ተሸነፉ። ማንም ግን አልሰደበሽም፤ ሻይ ሰጡሽ። ከስድቡ የባሰው ሻዩ ነበር ብለሽ ጽፈሻል። መሪ ያዥነቱን ትተሻል። ትምህርቱንም ትተሽ ልትመጪ ታስቢያለሽ፤ «ልምጣ ወይ?» ብለሽ ትጠይቂኛለሽ።

እጅሽ ያንን ከየት እንደተማረ እኔም አንቺም እናውቃለን። እሱን አሁን ተይው።

ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝን ልደብቅሽ አልችልም። ደስ አለኝ። ተነስቼ ክፍልሽን ጠረግሁ፣ አንሶላ ቀየርኩ፣ አምባዛ ገዝቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ተንበረከክሁና «ጌታ ሆይ፣ ለልጄ የሚበጃትን አድርግላት» ልል ስል አፌ ተያዘ። እንዲያ እያልኩ ከኦክቶበር ጀምሮ ስጸልይ ከርሜአለሁ። ውስጡን ስመረምረው ግን «የሚበጃት» የምለው ነገር ፓዱካ የሚባል አድራሻ ነበረው። መሪውን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ እያልኩ እጄን ከላዩ ላይ አላነሳሁም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ነይም አትምጪም አልልሽም። ሐሳቤ እስኪጠራ ታገሺኝ። ነገር ግን የአውሮፕላን ትኬቱን አትቸኩዪበት።

ሹራቡ ከተበሳ ንገሪኝ።

አባትሽ


ካምብሪጅ
ማርች 29 ቀን 1992

አባዬ፣

ትኬቱን አልገዛሁም። ያለፈውን ደብዳቤ በዚያ ሁኔታ በመላኬ አፍሬአለሁ። ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ እጄን ከትቼ ላወጣው ሁሉ ሞክሬ ነበር።

ሰው ሰደበኝ! ይህን ልነግርህ ቸኩዬ ነው። ፊሊፓ፣ የጀልባው አለቃ፣ መስታወት ቤቱ ድረስ መጣች። ገብስ የተዘራባቸው ሃምሳ ማሰሮዎች መሃል ቆማ፣ ቁመቷ ጣሪያው ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፦

«አንቺ የተረገምሽ አሜሪካዊት! የት ጠፋሽ?»

«ትቻለሁ ብዬሽ የለ?»

«ማን ፈቀደልሽ? አንቺ ከሄድሽ በኋላ ያመጣነው ልጅ ትናንት ዛፍ ገጨ። ዛፍ! ጀልባ ብሎ ዛፍ! ቢያንስ አንቺ ምንም አትገጪም ነበር።»

አባዬ፣ ሳቅሁ። ከገና ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አንድ ባዶ ማሰሮ ገልብጣ ቁጭ ብላ በቀስታ «ዊላ፣ ወንዙን እንዳንቺ የሚያይ ሰው የለንም። ኩርባውን ስንዞር ጀልባዋ አንቺን ትሰማለች። የቀረን ያቺ የመጨረሻዋ ክንድ ብቻ ናት» አለችኝ። የጁኑ ውድድር አለ፤ እዚህ ግን የሜይ ውድድር ይሉታል፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እስከ ሜይ መጀመሪያ አስቢበት ብላኛለች። ተመልሼ ያኔም እጄ ገመዱን ከሳበ አበቃ፤ ጀልባውንም አገሩንም እተዋለሁ። ለራሴ እንዲህ ብዬ ወስኛለሁ። በማልፈለግበት ቦታ ሦስት ዓመት መቀመጥ አልችልም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሳትሸሸኝ መልስልኝ። ኮሌጅ ኦሃዮ እያለሁ ደብዳቤዎችህ አንዱ ከሜምፊስ፣ አንዱ ከሴንት ሉዊስ፣ ጀልባው ከቆመበት ሁሉ ይመጡ ነበር። ዘንድሮ ሁሉም ከፓዱካ ነው። ፊደልህም ትልልቅ ሆኗል። ምን ሆነሃል?

ዊላ


ፓዱካ
አፕሪል 12 ቀን 1992፣ ሆሳዕና

ውድ ልጄ፣

ከቤተ ክርስቲያን መምጣቴ ነው። ካልሲዬን እንኳን ሳላወልቅ የምጽፍልሽ ሌላ ሰበብ እንዳልፈጥር ነው።

ዓይኔን የዓይን ሞራ ጋርዶታል። ሁለቱንም። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ከጀልባው ወርጃለሁ። የኩባንያው ሐኪም መብራት እያበራ «ካፒቴን፣ ይቺን ፊደል አንብብልኝ» ሲለኝ «የትኛዋን ፊደል?» አልኩት። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከነሙሉ ጤናዬ አለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ይቅር በዪኝ። ብነግርሽ ሻንጣሽን ሳትፈቺ እንደምትመለሺ አውቃለሁ። ሜይ ውስጥ ሐኪሞቹ የአንዱን ዓይን ሞራ ያነሱልኛል፣ ቀጥሎ የሌላውን፤ ቀላል ነው ይላሉ። ክሊተስ ይነዳኛል። አነዳዱን ታውቂዋለሽ፤ ከቀዶ ጥገናው ይልቅ መንገዱ ያስፈራኛል።

ስለዚህ በኔ ምክንያት እንዳትመጪ። ከመጣሽ በራስሽ ምክንያት ይሁን።

አሁን ቃል የገባሁልሽን። ሐሳቤ እስኪጠራ ታገሺኝ ብዬሽ ነበር። ዓይኔ ገና ባይጠራም፣ ሐሳቤ ትንሽ ጠርቷል። ቤት መዋሌ ብዙ ያሳስበኛል፤ ከመሪ ክፍሉ ወርጄ ሶፋ ላይ ስቀመጥ ምን እንደሆንኩ አላውቅም ነበርና። አለመንካትን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ኖሬአለሁ። በኛ ወንዝ ላይ እውነት ጽድቅ ነው። የኔ ጀልባ የነካው ሰው ይሰምጣል፣ የኔ ጀልባ የነካው ድልድይ ይወድቃል። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የጸለይኩት ስለዚሁ ነው። የእናንተን ወንዝ ግን ደግመሽ ደጋግመሽ ነግረሽኛል፣ አልሰማሁሽም። እዚያ የነካሻት ሴት እጇን ታነሳለች። ትስቃለች። በማግስቱ ደግሞ ተነስታ ታባርርሻለች። ማንም አይሰምጥም። ሁለቱ ወንዞች አንድ አይደሉም ልጄ፤ እኔ የኔን ወንዝ አስተማርኩሽ እንጂ ያንቺን አላውቀውም።

ስለዚህ ግጪ።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ቃሉን አይቼ አጠፋሁት፣ መልሼ ጻፍኩት። ያቺ የመጨረሻዋ ክንድ ላይ ስትደርሺ እጅሽ የኔን ድምፅ ይሰማል፤ አውቃለሁ። እንግዲህ ድምፄ የሚለው ይህን ነው፦ አባትሽ ፈቅዷል። ቀጥ በዪና ግጪ።

ለፓስተር ሎዌል ይህንን እንዳታነሺላቸው። አይገባቸውም።

የሚወድሽ አባትሽ


ካምብሪጅ
ጁን 13 ቀን 1992፣ ቅዳሜ ጠዋት

አባዬ፣

ዓይንህ እንዴት ነው? የአንዱ ሞራ መነሳቱን የነገርከኝ ካርድ ሐሙስ ደረሰኝ፣ ፊደሉ ትንሽ ሆኗል፣ ሳየው ሳምኩት። ካርድ ብቻ ነው የጻፍክልኝ ብዬ ልቆጣ አልችልም፤ እኔም ከሜይ ወዲህ አንድ መስመር አልላክሁም። ይቅርታ። ወደ መሪ ያዥነቱ ተመልሻለሁ፤ ነገሩ እስኪለይ ግን ምንም ልነግርህ አልፈለግሁም።

ሦስት ቀን ሦስት ጀልባ ገጭተናል።

ልድገመው፦ ሦስት!

ረቡዕ ዲተን የሚባለው የወንዙ ኩርባ ላይ ደረስንባቸው። ከፊታችን የነበረችው መሪ ያዥ አንገቷ ላይ ያለው የመስቀል ሐብል እስኪታየኝ ቀረብን፤ ዞር ብላ አየችኝ። ያኔ ግራ እጄ ጀመረ። አባዬ፣ ተሰማኝ፤ ገመዱን እንደ ሌላ ሰው እጅ ሊስበው ሲነሳ። አፌን ከፍቼ «አባቴ ፈቅዷል!» ብዬ ጮህኩ። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም። ስምንቱም ሰሙኝ። ከዚያ ኳሷ ስትነካ ትልቅ ድምፅ እንኳን አልነበራትም፤ እንደ በር ማንኳኳት ናት። ያቺ ልጅ እጇን አነሳች። ማንም አልሰመጠም።

ዳር ይዘን ስንቆም ፊሊፓ መቅዘፊያዋ ላይ ተደፍታ «ምንድን ነው ያልሽው? አባትሽ ምን?» አለች። ነገርኳቸው። አንተን፣ ወንዝህን፣ ደብዳቤህን። ሃሪየት የምትባለው አለቀሰች፤ እንግሊዛዊ ሲያለቅስ ማየት ያስደነግጣል። አሁን ወንዙ ዳር በብስክሌት የሚከተሉን የኮሌጃችን ልጆች ሁሉ ይህንኑ ይጮኻሉ። ትናንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ጎንበስ ብሎ «አባትሽ ዛሬም ፈቅደዋል?» አለኝ። ስሙ ሩፐርት ነው።

ለዶክተር አሽኮምም «ዶክተር፣ በዚህኛው አልስማማም፤ ገብሱ የሚለው ሌላ ነው» አልኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ በእኛም ትርጉም በእንግሊዞቹም። ለሁለት ሳምንት አኮረፉ፣ ከዚያ ሌላ ሃምሳ ማሰሮ ገብስ ጨመሩልኝና «እንግዲያው አስረጂኝ» አሉ።

የዛሬው አንድ ቀን ይቀራል። ከፊታችን ያሉት ከባዶች ናቸው፤ ዘንድሮ ማንም አልደረሰባቸውም። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ አልቋል። አሁን ግን አላውቅም።

መሄዴ ነው።
ዊላ


ፓዱካ
ጁን 21 ቀን 1992፣ እሁድ ከሰዓት

ውድ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ድምፅሽ ተመለሰ? ዓይኔ ደህና ነው፤ ማዶ የቆመውን ጀልባ ስም አነባለሁ።

የቅዳሜው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ስለዚህ ስትደውዪ ከሰማሁት ግማሹ የገባኝ ትናንት ነው። ያን የውድድሩ ቅዳሜ የአሳ ቅርፊት በቢላ እየፋቅሁ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ኦፕሬተሯ «ከእንግሊዝ አገር ነው፣ ሂሳቡን እርስዎ ይከፍላሉ?» አለችኝ። እሺ ሳልል አንቺ መጣሽ። መጀመሪያ አንድ ቃል አልሰማሁሽም። ጭብጨባ ነው፣ የብርጭቆ ድምፅ ነው፣ ሰው ይዘፍናል። «ባንዲራ! አባዬ፣ ባንዲራው እጄ ላይ ነው!» ስትዪ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ ሴት ስልኩን ነጥቃ «ሚስተር ትሪብል፣ ገጨናቸው! የመጨረሻዎቹን ገጨናቸው!» አለችኝ፤ ፊሊፓ መሆን አለባት። ከኋላዋ ሕዝብ የሚያክል ሰው ባንድ ድምፅ ስለ አባት ስለ ፈቃድ የሆነ ነገር ሲጮህ ሰማሁ። የጌታን ጸሎት እያደረሱ መስሎኝ ቆቤን አወለቅሁ። አትሳቂብኝ።

በመጨረሻ አንቺ ተመለስሽና፣ ያኔ ጸጥ ብሎ ነበር፣ የዕረፍቱን ወራት እዚያው የምትቆዪ መሆንሽን ነገርሽኝ፤ ገብሱን ትተሽ መምጣት እንደማትችዪ፣ ቀጣዩንም ዓመት እንደምትቀጥዪ። «አባዬ፣ ትሰማኛለህ?» አልሽ። ሰምቼሻለሁ። ዝም ያልኩት አሳው እጄ ላይ ስለነበር ነው። ለጊዜው እንዲህ እንበል።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሎዌል እንደ ልማዳቸው «የምስጋና ቃል ያለው ይነሳ» አሉ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እኔ ተነስቼ አላውቅም። እግሬ ግን ተነሳ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም፤ እንዲህ አልኩ፦

«ልጄ ዊላ በእንግሊዝ አገር ወንዝ ላይ፣ በአራት ቀን አራት ጀልባ ገጨች። እግዚአብሔር ይመስገን።»

አሜን የሚል ጠፋ። ግማሹ ጉባኤ የወንዝ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። የኩባንያው የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ መዝሙር መጽሐፋቸውን ጣሉ። ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ያን ጊዜ ክሊተስ ከመጨረሻው ወንበር ብድግ ብሎ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ «ወንድሞችና እህቶች፣ አትደንግጡ፤ ጎማ አለበት» አለ። ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ። ፓስተር ሎዌል ራሳቸው እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፣ መድፉን፣ ኩርባውን፣ እጇን የምታነሳዋን ሴት። የቆሙ አዛውንት ካፒቴኖች «ቀጥ ብላ ነው ወይስ ከጎን?» እያሉ ጠየቁኝ። ቀጥ ብላ ነው አልኳቸው። አሜን አሉ።

ከአምልኮ በኋላ በረንዳው ላይ እናትሽን ያሳደገቻት አክስት ኦፓል እጄን ያዘችኝ። መስማት እንደተሳናት አንቺም ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸችብኝ፦ «ታዲያ ልጅቱ መቼ ነው የምትመጣው?»

ይህን ጥያቄ ሰዉ ዓመቱን ሙሉ ጠይቆኛል። ዓመቱን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ «ጌታ ሲፈቅድ» ስል ኖሬአለሁ። ያን ቀን ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ እኔም ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ጮህኩ፦

«አትመጣም ኦፓል! እዚያ ይፈልጓታል!»

ስናገረው ያመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን ኩራት ሆኖ ወጣ፤ ኦፓልም ሰምታኛለች፤ አጨበጨበች።

አባትሽ
ቨርነን